ዕቁቡ ወጥቷል

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ስሜን እንዳይጽፉብኝ አደራ። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ሰው ይተዋወቃል።

የ41 ዓመት ሴት ነኝ፣ አስተማሪ። ባለቤቴ አራዳ አካባቢ ጋራዥ ይሠራል። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 8።

አባቴ ካረፉ ዓመት ከስምንት ወር ሆናቸው። ከዚያ ወዲህ ማራኪ ሰፈር የተከራየነውን ቤት ለቀን አዘዞ ዳር ወዳለው የእሳቸው ቤት ገባን። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ጓሮው ግን ሰፊ ነው። ጌሾ አለው፣ ጎመን አለው፣ ድንች እንተክልበታለን። አባቴ የተዉልኝ አንዲት ላም (ሻሼ እንላታለን)፣ ሁለት ባህላዊ ቀፎ፣ አንድ የሳጥን ቀፎና ስድስት የሐበሻ ዶሮ ነው።

እኔ ይህን ጓሮ እወደዋለሁ። ክፍል ውስጥ ስጮህ ውዬ ስመለስ፣ ልብሴን ሳልቀይር መጀመሪያ የምሄደው ወደ ጓሮ ነው። ባለቤቴ የከተማ ልጅ ነው። አይጠላውም፣ ግን አልለመደውም። እኔ በጠዋት ስለምወጣ ላሟን አውጥቶ የሚያስራት እሱ ነው። አምና አንድ ቀን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባና «ለመሆኑ ይኼ ሁሉ ልፋት ምን ያስገኝልናል?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ነገሩ ግን ውስጤ ቀረ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዕቁብ አለኝ። ሲወጣ የጣሪያውን ቆርቆሮ እንቀይርበታለን ብለን ተስማምተን ነበር። ክረምቱን ሙሉ መኝታ ቤታችን ሲያፈስ ነው የከረመው። ሳፋ ደቅነን ነው የተኛነው። ዕቁቡ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወጣልኝ፣ 30,000 ብር። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። በ18,000 ብር 40 ቄቦች ገዛሁ። በቀረው ሽቦ፣ መኖና የውኃ መጠጫ። በልቤ፣ እስከ ገና እንቁላል ይጀምራሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ገንዘቡን ይመልሳሉ፣ ያኔ ቆርቆሮውንም ትርፉንም አንድ ላይ አሳየዋለሁ ብዬ ነበር። ዶሮዎቹ ከየት መጡ ሲለኝ «ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ ነው የገዛልኝ» አልኩት።

ለእንቁጣጣሽ ከገበያ አንድ አውራ ዶሮ ገዛን። እስኪታረድ ሦስት ቀን ከቄቦቹ ጋር አደረ። ከበዓሉ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ቄቦቹ መንቀዝቀዝ ጀመሩ። አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል። አንዳንዷ አንገቷ ይጠመዘዛል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ 31 ሞቱ። ከአባቴ ስድስት ዶሮዎችም አራቱ አለቁ። በማዳበሪያ ከረጢት እየሰበሰበ ያወጣቸው ትንሹ ልጄ ነው።

ልጄ የዕቁቡን ብር ስቀበል አብሮኝ ነበር። «ለአባትህ እንዳትነግረው፣ ሰርፕራይዝ ነው» ብዬዋለሁ። ዶሮዎቹ ካለቁ በኋላ አንድ ማታ «እማዬ፣ አሁንም ሰርፕራይዝ ነው?» አለኝ።

ባለቤቴ እስካሁን «ዕጣሽ መቼ ነው?» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ በየዓመቱ ለቁስቋም ይመጣል። ባለቤቴ «ሲመጣ አመሰግነዋለሁ፣ ያን ያህል አውጥቶ በማለቃቸውም አዝኛለሁ እለዋለሁ» እያለ ነው። ወንድሜ ምንም አያውቅም።

ላሟን (እርጉዝ ናት፣ ኅዳር ላይ ትወልዳለች) ሸጬ ገንዘቡን ብተካው ይሻላል? ወይስ ሁሉንም ትቼ ወደ ከተማ ልመለስ? ማሩም ደርሷል፣ ከአባቴ ወዲህ ግን ቀፎ የከፈተ ሰው የለም። ግራ ገብቶኛል።

የአዘዞዋ»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ልጅሽ የጠየቀሽ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ቡና አፈላሁ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ስለ ዶሮዎችሽ አዝኛለሁ። «ዶሮ እኮ ነው» የሚል ሰው አርብቶ አያውቅም። እኔም አንድ ዓመት 12 ዶሮ በአንድ ሳምንት ቀብሬአለሁ። ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ያ ጫጫታ ሲጠፋ ሆድ የሚያባባ ነገር አለው። እዚህ ላይ ማንም እንዲስቅብሽ አልፈቅድም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ላሟን ልሽጥ ወይ ብለሽኛል። ከተማ ልመለስ ወይ ብለሽኛል። ማሩን ምን ላድርግ ብለሽኛል። ስለ ዕቁቡ ግን ምንም አልጠየቅሽኝም። ከሁሉም በላይ የጻፍሽው ስለ እሱ ነው፣ ጥያቄ ግን የለሽበትም። መልሱን ስለምታውቂው ይመስለኛል። ለባለቤትሽ መናገር አለብሽ። ይህን ከእኔ አፍ መስማት ከፈለግሽ ይኸው ብያለሁ።

የላሟን ሐሳብ ብዙ አላገላብጠውም። ሻሼን ሸጠሽ ገንዘቡን ብትተኪ «ላሟስ የት ሄደች?» ለሚለው ደግሞ ሌላ ወንድም ሊያስፈልግሽ ነው። ያውም ለመውለድ አንድ ወር የቀራትን ላም፣ ያውም የአባትሽን። ተይው።

ከተማ የመመለሱ ነገር ግን ትንሽ ያቆመኛል። በእርግጥ መመለስ ፈልገሽ ነው ወይስ ከዚህ ጉድ ሽሽት ነው? «እኔ ይህን ጓሮ እወደዋለሁ» ብለሽ የጻፍሽው አንቺው ነሽ። ልብስ ሳይቀይር ወደ ጓሮ የሚሮጥ ሰው ማራኪ ሰፈር ኪራይ ቤት ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚቀመጥ ማየት ያቅተኛል።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንይ። አባትሽ የተዉልሽ አንድ ላም፣ ሦስት ቀፎና ስድስት ዶሮ ነው። አርባዎቹን ያመጣሻቸው አንቺ ነሽ። ለምን? ደብዳቤሽ ላይ ያለ ይመስለኛል። ባለቤትሽ «ምን ያስገኝልናል?» አለሽ። ዝም አልሽው። ከዚያ ሄደሽ 40 ዶሮ ገዛሽ። ለደስታሽ ደረሰኝ ልታመጪለት ነበር። በጓሮው መደሰት ብቻውን ምክንያት አልሆን ብሎሽ፣ ትርፍ ይዘሽ ፈቃድ ልትጠይቂ ነበር ማለት ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

እሱ ግን ይህን ያህል ጠይቆሻል? አንድ ሰው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገብቶ «ምን ያስገኝልናል» ሲል አንዳንዴ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። «ደክሞኛል» ማለቱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ «እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ምንድነኝ?» ማለቱ ነው። አስቢው። ለምዶት የኖረውን ሰፈር ትቶ አማቹ ቤት ገባ። በማለዳ የማያውቃትን ላም ገመድ ይዞ ይወጣል። ማታ በሳፋ ድምፅ ይተኛል። ከዚያ ሁሉ ነገር መሐል «የእኛ» ብሎ የጠበቀው ያ ቆርቆሮ ነበር። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የጎደለው ማለቴ ነው። ይህን ስታውቂ ነው ወሬውን መጀመር ያለብሽ።

ክፉ ሰው አይመስለኝም ባለቤትሽ። ለሞቱት ዶሮዎች ወንድምሽን ሊያጽናና የተዘጋጀ ሰው ነው! ቁጣው ከቁጣ ያልፋል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንደዚያ ከሆነ ብቻሽን አትንገሪው፣ እሱ የሚያከብረው አንድ ሰው ባለበት ይሁን። ለእኔም መልሰሽ ጻፊልኝ። ካልሆነ ግን ሽማግሌ አታብዢ። ይህ የሁለታችሁ ነው።

መቼ? ከቁስቋም በፊት። ኅዳር 6 ሩቅ አይደለም። እስቲ ያን ቀን አስቢው። ያ ሁሉ ሕዝብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። ወንድምሽና ባለቤትሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ባለቤትሽ «ስለ ዶሮዎቹ እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል። ወንድምሽ ዞር ብሎ ያይሻል። እዚያች ቦታ ላይ እንድትቆሚ አልፈልግም። እሱም ሰው ፊት እንዲያፍር አልፈልግም። ሰው ፊት የሰሙት ነገር ቤት ውስጥ ከሰሙት እጥፍ ያማል። ደግሞ የዕቁብሽ አባላት የሰፈር ሰዎች ናቸው አይደል? ጸሐፊው አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አግኝቶት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ቢለውስ?

ለወንድምሽ ቀድመሽ ደውለሽ «ሸፍንልኝ» እንዳትዪ። ያኔ ጥፋቱ የሁለት ይሆናል፣ ባለቤትሽም እህትና ወንድም ተማክረው አታለሉኝ ይላል። ለባለቤትሽ ከነገርሽው በኋላ ደውዪ።

ቀኑን ምረጪ። ማታ አልጋ ላይ አይሁን፣ ሌሊቱ ይረዝማል። ከሥራ እንደገባም አይሁን። ሥራ የማይገባበትን ቀን ጠብቂ። ልጆቹን ወደ ዘመድ ላኪያቸውና ከምሳ በኋላ ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ። የዕቁብሽን ደብተር አጠገብሽ አድርጊ። ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄጂ ጀምሪው። እንዲህ በይ፦ «ዕቁቡ ወጥቷል። ነሐሴ ላይ ነው የወጣው። ዶሮዎቹን የገዛሁት በሱ ነው። ወንድሜ የለበትም። ዋሽቼሃለሁ።» ስድስት ሰባት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ ዝም በይ። ይህ ነው ከባዱ። «ለቤታችን ብዬ እኮ ነው» የምትለዋ ነገር ምላስሽ ጫፍ ላይ ትመጣለች። ዋጫት። እውነት ልትሆን ትችላለች፣ ግን በዚያች ሰዓት እሱን «እኔ ደግሞ ለቤቱ አላስብም ማለት ነው?» ታሰኘዋለች። ይቆጣ። ተነስቶ ይውጣ ከፈለገ። ሲመለስ ቡናው ቢቀዘቅዝም ሌላ አፍዪለት።

አሁን ወደ ልጅሽ። «አሁንም ሰርፕራይዝ ነው?» ያለሽን ልጅ ምን መለስሽለት? አልጻፍሽም። የስምንት ዓመት ልጅ ሁለት ሸክም ተሸክሟል። አንዱ በማዳበሪያ ነው፣ እሱን ጥሎታል። ሌላውን ግን ከአባቱ ጋር ራት በበላ ቁጥር ይዞት ይቀመጣል። ምናልባት ዶሮዎቹ የሞቱት ምስጢር ስለያዘ ይመስለው ይሆናል። ልጆች እንዲህ ያስባሉ፣ ምንና ምን እንደሚያገናኙ አይታወቅም። ስለዚህ ለባለቤትሽ በነገርሽ ማግስት፣ ከተቻለ አባትየው ባለበት፣ ልጁን ጠርተሽ «ለአባትህ ነግሬዋለሁ። ዝም በል ማለቴ ጥፋቴ ነው። አንተ ምንም አላጠፋህም» በዪው። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዶሮዎቹ ለምን እንደሞቱም ንገሪው፣ ምክንያቱ ይታወቃል።

ምክንያቱ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ይመስላል። በሩቁ ሆኜ ሐኪም ልሁን አልልም፣ ግን አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተጠመዘዘ አንገት፣ በቀናት ውስጥ እንዲህ ማለቅ የሱ ጠባይ ነው። የበዓል ገበያ ደግሞ ዋና መንገዱ ነው። ከየአገሩ የመጣ ዶሮ አንድ ቦታ ታጉሮ ይውላል፣ በሽታውን ተካፍሎ በየቤቱ ይገባል። ያ አውራ ዶሮ ደህና መስሎ ይዞት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ፈንግል አንዴ ከገባ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ነው። ያውም እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ የሚመረት። እኔ 12ቱን ስቀብር የገባኝ ይህ ነበር፣ ሻጩን «ተከትበዋል?» ብዬው «አዎ» ሲለኝ በቃኝ ብዬ መጣሁ። መጠየቅ የነበረብኝ «መቼ? በምን? ቀጣዩስ መቼ ነው?» ነበር። የፈንግል ክትባት በጫጩትነት ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ይደገማል። ከብርድ ከወጣ ደግሞ ይበላሻል፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ክትባት ውኃ ከማጠጣት አይለይም። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠውን በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውኃ የበጠበጠው ሰውም ድካሙ ለከንቱ ነው።

የተረፉት ዘጠኝ ቄቦችና ሁለት የሐበሻ ዶሮዎች አሉሽ። እነሱ በሽታውን አልፈውት ይሆናል፣ ግን ለጊዜው በኩሳቸው ለሌላ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ለጎረቤት አትስጪ፣ ገበያም አታውጪ። አዲስ ዶሮም ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር አታስገቢ። ኩሱንና ጉዝጓዙን ጥረጊና ቅበሪ፣ ቤቱን አጥበሽ ፀሐይ ይግባበት። በማዳበሪያ የወጡትስ የት ተጣሉ? ገደል ወይ ወንዝ ዳር ከሆነ ውሻ ወደ ሌላው ሰው ጓሮ ያዞረዋል። ካልተቀበሩ ዛሬውኑ በጥልቅ ይቀበሩ፣ ልጁ ግን አይነካቸው። ከዚያ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ሂጂና አማክሪ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ተቀምጠን በግምት ዶሮ መቅበራችን አንዳንዴ ያሳፍረኛል፣ ራሴንም ጨምሬ ነው።

በነገራችን ላይ አሁን ያለንበትን ወቅት ብዙ ሰው «ፀደይ» ይለዋል። በእኛ አቆጣጠር መፀው ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 በኋላ ያለው ነው። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ አደይ ያበበበት፣ ሣሩ ያልደረቀበት፣ እሸቱ የደረሰበት ይህ ጊዜ ለአንቺ ጥሩ ነው። ለምን መሰለሽ፣ ዝናቡ አቁሟል። ጎንደር ላይ ጣሪያሽን የሚፈትን ዝናብ እስኪመጣ፣ እስከ ግንቦት ሰኔ ድረስ ጊዜ አለሽ። የጣሪያው ገንዘብ ዛሬ ቢኖርሽ ጥሩ ነበር፣ ግን ዛሬ ባይኖርሽ የምትሞቺበት ነገር አይደለም። ይህን ለባለቤትሽ አንቺ አትንገሪው። ሲበርድለት እሱ ራሱ ያስበዋል፣ ከእሱ አፍ ሲወጣ ይሻላል።

ማሩን ግን አታሳልፊው። የመስከረም አበባ ማር ከጥቅምት እስከ ኅዳር ነው የሚቆረጠው። ባህላዊ ቀፎ ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ይሰጣል ይባላል፣ የሳጥኑ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20። የአንቺዎቹ ያለ ተንከባካቢ ስለከረሙ በዚህ አትማዪ፣ ያገኘሽው ይበቃል። ብቻሽን ግን አትንኪው። አባትሽ ጋር አብረው ይቆርጡ የነበሩ ሽማግሌ ጎረቤት አይጠፉም። እንዲያ ያለ ሰው ሁሌም አለ፣ የሚጠይቀው አጥቶ ነው የሚቀመጠው። እጅ መንሻ ይዘሽ ሂጂና «አባቴ የሚያደርጉትን አሳዩን» በያቸው። «አሳዪኝ» ሳይሆን «አሳዩን»። ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ ማለቴ ነው። መካኒክ አይደል? የሳጥን ቀፎ ፍሬም የሚወጣበትና የሚገባበት ሥርዓት አለው፣ እጁ የሚወደው ዓይነት ሥራ ነው። ላም መጎተት አልተስማማውም ማለት ጓሮው በሙሉ አልተስማማውም ማለት ላይሆን ይችላል። ቆረጣው ማታ ላይ፣ ብርድ ሲጀምር፣ በኩበት ጭስ ይሁን። እጭ ያለበትን ሰፈፍ አትንኩ። ማሩንም አትጨርሱት፣ በጋው ረጅም ነው፣ ንቦቹም ይበላሉ።

ላሟን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ጠዋት ጤዛ ያለበት ማገጥ (ሦስት ቅጠል ያለው የሜዳ መኖ) ላይ በባዶ ሆዷ አትታሰር። ሆዷ ይነፋል፣ ላም ይገድላል። መጀመሪያ ጭድ ትብላ፣ ጤዛው ሲረግፍ ትውጣ። ይህ ማለት ባለቤትሽ ያን ያህል በማለዳ መነሳት የለበትም ማለት ነው። እስቲ ይህን የምሥራች ንገሪው፣ ግን ከዕቁቡ ጋር በአንድ ቀን አታድርጊው፣ ጉቦ ይመስላል።

ደግሞ ወደ ገንዘቡ። ኅዳር ላይ ትወልዳለች ብለሻል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ወተት ፈላጊ ይቀንሳል። ስለዚህ በወተት ሽያጭ ቆርቆሮ እገዛለሁ ብለሽ አታስቢ። ለልጆቹ የሚሆነውን አስቀርተሽ ቅቤውን አጠራቅሚ፣ ለገና ፈላጊው ብዙ ነው። የዶሮ ሽቦው ትርፍ ካለው ይሸጣል። ቀሪውን መኖ ዘጠኙ ቄቦች ይበሉታል፣ እንቁላላቸውም ከገና ወዲህ ይመጣል። የቀረውን ደግሞ ከደመወዝሽ ላይ በየወሩ እየቆረጥሽ ለብቻው አስቀምጪ፣ ደብተሩ ባለቤትሽ እጅ ይሁን። ሰኔ ላይ 30,000 ብር ሙሉ ላይሞላ ይችላል። ግማሹ ከሞላ የመኝታ ቤቱ ጎን ብቻ ይቀየራል። ሳፋው የተደቀነበት እሱ ጋ አይደል?

አርባ ዶሮ ዳግመኛ ታርቢ እንደሆነ አሁን አልመልስልሽም። አንቺም አትመልሺ። ዘንድሮ አሥራ አንድ ዶሮ፣ አንድ ላምና ሦስት ቀፎ ይበቃሻል። ያለ ደረሰኝ አንድ ዓመት ተደሰቺባቸው እስቲ። ባለቤትሽም ምኑን እንደሚወድ፣ ምኑን እንደማይችል ይንገርሽ። «ላሟን ሰው ቀጥረን ትታይ፣ ቀፎውን እኔ እይዛለሁ» ቢልሽስ? «እኔ ምንም አልፈልግም፣ አንቺ ደስ ካለሽ አድርጊ፣ ብቻ አትዋሺኝ» ቢልሽስ? ሁለቱም ይኖራሉ።

ሻሼ ስትወልድ ጥጃው እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጥባ፣ በሽታ የሚከላከልበት እሱ ነው። የተረፈው ለቤት ነው። የአባትሽን ጎረቤት፣ የቀፎውን ሰውዬ፣ እንዳትረሺያቸው። ወንድ ትውለድ ሴት፣ ጻፊልኝ። የባለቤትሽንም መልስ እጠብቃለሁ፣ ቢቆጣም እንደተቆጣ ጻፊው።